ከንፈር ሳይንቀሳቀስ

ሰልሚያ ሳታወራ ማሰብ አትችልም ነበር። ቡታጅራ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ቢገኝ ከተማዋን ትናንት የረገጠ መሆን አለበት። ሽንኩርት ስትከትፍ ሽንኩርቱን ታዋራዋለች። መንገድ ስትሄድ የምትገዛውን ዕቃ፣ የምትመልሰውን ስልክ፣ ትናንት የረሳችውን ነገር ሁሉ ለራሷ እያወራች ነው የምትሄደው። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በነበረችበት ጊዜ የቤተ መጻሕፍቱ ጠባቂ ገና ከበር ሲያያት «አንቺ ልጅ፣ ወደ ዛፍሽ!» ይላት ነበር። የኮምፒውተር ዲግሪዋን ያገኘችው እዚያ ዛፍ ሥር ቅርንጫፎቹን እያስተማረች ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ኅዳር ግን አንድ ነገር መጣባት። ሴቶችን በቴክኖሎጂ የሚያሠለጥን ፕሮግራም የክላውድ ኮምፒውቲንግ ትምህርቷን ስትጨርስ ለዓለም አቀፉ የብቃት ፈተና የሚሆን ነፃ የመፈተኛ ኮድ ሰጣት። ኮዱ ወሩ ሲያልቅ ይቃጠላል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ደግሞ «ሰርተፊኬቱን ያዢና ነይ፤ ሥራውን እዚያው ቡታጅራ ሆነሽ ትሠሪዋለሽ» ብሏታል። ሰልሚያ ይህን ስትሰማ ግቢውን እየዞረች ዘለለች። ከእናቷ ሳትለይ፣ ከወንድሟ ከኢስሀቅ ጋር እየተጨቃጨቀች፣ የራሷን አልጋ ሳትለቅ መሥራት! ከዚህ በላይ ምን አለ?

ትምህርቱንም ወደደችው። እናቷን ዘይባን ጓዳ ድረስ እየተከተለች ታስረዳታለች።

«እማ፣ ክላውድ ማለት ሰማይ ላይ ያለ ነገር እንዳይመስልሽ። የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው። የራስሽን ትልቅ ማሽን ከመግዛት ይልቅ የሌላውን ትከራዪያለሽ። ሥራሽ ሲበዛ ብዙ ትከራዪያለሽ፣ ሲቀንስ ትመልሻለሽ።»

ዘይባ ከእንሴኖና ከማረቆ በኩል በርበሬ እየሰበሰበች ለአዲስ አበባ ነጋዴዎች የምታስረክብ፣ ነገር ቶሎ የሚገባት ሴት ናት። «እንግዲህ መጋዘን መከራየት ነው በይኝ» አለች። «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ቀን የለፈለፍሽው?»

ፈተናውን ቤቷ ሆና በኢንተርኔት እንደምትፈተን ካወቀች በኋላ የፈተናው ደንብ በኢሜይል መጣ። ሰልሚያ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ እንደ ልማዷ ጮክ ብላ አነበበችው። ተፈታኟ በሩ የሚዘጋ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትቀመጣለች። ክፍሉ ባዶ ይሆናል። በኮምፒውተሩ ካሜራ በኩል ፈታኝ ይከታተላታል። ሰው መግባት ክልክል ነው። የሰው ድምፅ መሰማት ክልክል ነው። ፊትን መሸፈን ክልክል ነው።

«ጥያቄዎቹን ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ማውራት፣ ወይም ከንፈር ማንቀሳቀስ ...»

እዚህ ላይ ድምፅዋ ጠፋ። ባጃጁን እያጠበ የነበረው ኢስሀቅ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለና «ከንፈር ምን?» አለ።

«ክልክል ነው» አለች ሰልሚያ።

ኢስሀቅ ባጃጁን ተደግፎ ሳቀ። ሳቁ አላልቅ ሲለው መሬት ተቀመጠ። ጎረቤታቸው ብረት በያጁ ጋሽ ደበሌ የበር ፍሬም እየቆረጡበት የነበረውን ግራይንደር አጥፍተው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉና «ምን ተገኘ?» ብለው ጠየቁ። ኢስሀቅ ሲነግራቸው እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። ሰልሚያ መናደድ ፈልጋ ነበር፤ ግን ሳቁ ያዛትና እሷም አብራ ተንከተከተች።

ማታ ላይ ወልቂጤ ለምትኖረው ለጓደኛዋ ለሰርካለም ደወለች። ሰርካለም ዩኒቨርሲቲ ሳሉ አንድ ዶርም አብራት ያደረች፣ ያንኑ ፈተና ባለፈው ዓመት ያለፈች ልጅ ናት።

«ሰሉ፣ አንቺ በትምህርቱ አትወድቂም» አለቻት ሰርካለም። «ከንፈርሽ ነው የሚጥልሽ። ስለዚህ ከንፈርሽን ነው የምናስጠናው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰርካለም ከሥራ ስትወጣ በቪዲዮ እየደወለች ፈታኝ ሆነች። ድምፅዋን አወፍራ፣ ፀጉሯን ወደኋላ አስራ፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ትቀመጣለች። ሰልሚያ የልምምድ ጥያቄዎቹን ትከፍታለች።

«ተፈታኝ ሰልሚያ፣ ከንፈርሽ ተንቀሳቀሰ። ፈተናሽ ተቋርጧል።»

«ኧረ አልተንቀሳቀሰም!»

«አሁን ደግሞ ተናገርሽ። ሁለተኛ ተቋርጧል።»

«ሰርኬ፣ ወላሂ እየዋጥኩ ነበር!»

«ምራቅሽን ስትውጪ ‹ሰርቨር› የሚል ድምፅ ይወጣል?»

ከንፈሯን ነከሰች፤ ጉንጯ ይንቀሳቀሳል። በጣቷ ያዘችው፤ ፊት መሸፈን ሆነ። ጥርሷን ገጠመች፤ በአፍንጫዋ ማዜም ጀመረች። ትክክለኛውን መልስ ስታገኝ ደግሞ «አገኘሁት!» ሳትል ማለፍ ከቶ አልሆነላትም። ደስታዋ ከአፏ ካልወጣ ሌላ መውጫ አልነበረውም።

የፈተናው ዋዜማ ላይ ኢስሀቅ መላ አመጣ። «አፍሽን በውሃ ሙዪው» አላት። «አፍሽ ውስጥ ውሃ ካለ እንዴት ታወሪያለሽ?»

ሰልሚያ ይህ የዓመቱ ምርጥ ሐሳብ መሰላት። እዚያው ጠዋት አፏን ሞልታ ላፕቶፗ ፊት ተቀመጠች። ሰርካለም በስክሪኑ ላይ ጉሮሮዋን ጠርጋ ፈታኝ ሆነች። የመጀመሪያው ጥያቄ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ሰልሚያ ዝም ብላለች! ዘይባ ከበሩ ላይ ቆማ «ማሻአላህ» አለች። ይህን ጊዜ ኢስሀቅ ከእናቱ ጀርባ አንገቱን አስግጎ፣ የሰርካለምን ድምፅ አስመስሎ «ተፈታኝ ሰልሚያ፣ ጉንጭሽ ውስጥ የተሸሸገውን ሰው አውጪ» አለ።

ውሃው ባንድ ጊዜ ወጣ። ስክሪኑም፣ ቁልፎቹም፣ ጠረጴዛውም ራሰ። ላፕቶፑ አንዴ ብልጭ አለና ጨለመ።

 ከዚያ የሰልሚያ ስልክ ጠራ። ሰርካለም ነበረች።

«ምን ሆንሽ? የመጨረሻ ያየሁት ጎርፍ ነው።»

«ሰርኬ፣ ላፕቶፑን አጠብኩት።»

«በምን?»

«በአፌ።»

ከወልቂጤ በኩል የመጣው ሳቅ ስልኩን ከጆሮ የሚያስሸሽ ነበር። ሰርካለም ትንፋሿ ሲመለስ «አንቺን ብዬ ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ፤ የኔን ላፕቶፕ ይዤልሽ» አለች። «እስክደርስ ድረስ ግን ውሃ እንዳትጠጪ።»

ከሰዓት በኋላ ከወልቂጤ ተነስቶ በመሐል ያለውን ተራራ ያቋረጠ ሚኒባስ ቡታጅራ መናኸሪያ አወረዳት። ላፕቶፑን እንደ ሕፃን በጋቢ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቅፋው ነበር። ኢስሀቅ በባጃጁ ሊቀበላት ሄዶ ስለ ነበር መንገዱን ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቃት ደረሱ። ዘይባ እቅፍ አድርጋ ከሳመቻት በኋላ መጀመሪያ ምግብ አቀረበች፤ ቀጥላም «አሁን ይህችን ልጅ ዝም አሰኚልኝ» አለቻት።

የመጨረሻው ልምምድ ተጀመረ። በዚህኛው ሰርካለም ከጠረጴዛው ማዶ ቁጭ ብላ በዓይኗ ፈጠጠችባት። ሰልሚያ ከንፈሯን ገጥማ፣ ዓይኗን በልጥጣ ጥያቄውን ታነባለች። ፊቷ ቀላ፣ ጆሮዋ ሳይቀር ቀላ። ከንፈሯ ግን ቀጥ አለ። ሌላ ጥያቄ፤ አሁንም ቀጥ። ሰርካለም ማመን አቅቷት ጠጋ አለች።

ከጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥስ የነበረችው ዘይባ ድንገት እጇን አነሳች። «ተዪያት! ዝም በያት!» ብላ ወደ ጠረጴዛው ሥር አመለከተች። «ወሬው ወርዶ እግሯ ውስጥ ገብቷል!»

እውነትም የሰልሚያ የእግር ጣቶች ከነጠላ ጫማዋ ወጥተው ይጨፍራሉ። ጥያቄው ረዘም ሲል ጣቶቹ ረዘም ላለ ጊዜ ይወዛወዛሉ፤ መልሱን ስታገኝ አውራ ጣቷ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እሷ ራሷ አላወቀችውም ነበር። ጎንበስ ብላ ስታየው «ኧረ!» ብላ ጮኸች።

«ካሜራው እግር አያይም!» አለች ሰርካለም፤ ከመቀመጫዋ ተነስታ። «ሰሉ፣ እንደ ፈለግሽ አውሪ! በእግርሽ ስበኪ!»

ሁለቱ ተቃቅፈው ዘለሉ። ዘይባም የበርበሬውን ሰፌድ አስቀምጣ ተቀላቀለች።

አንድ ነገር ቀረ፤ ክፍሉ። በዚያ ቤት በሩ በደንብ የሚቆለፍ ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የዘይባ የበርበሬ መጋዘን ነው፤ እስከ ጣሪያው ድረስ በጆንያ ተሞልቷል። ደንቡ ደግሞ ባዶ ክፍል ይላል። ስለዚህ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ጆንያ ማውጣት ተጀመረ። ጋሽ ደበሌ ብረት የሚያቆሙበትን ጥግ ለቀቁላቸው፤ የተረፈውን ሌሎች ጎረቤቶች ተካፈሉት። ኢስሀቅ ተሸክሞ፣ ሴቶቹ ጎትተው፣ ጋሽ ደበሌ «ቀስ! ቀስ!» እያሉ፣ ሁሉም እያስነጠሰ።

ዘይባ ወገቧን ይዛ ባዶውን መጋዘን አየችና «አሁን ነው የገባኝ» አለች። «የኔ ዕቃ ሰው ቤት። ክላውድ ማለት ይኼ አይደል?»

«እሱ ነው እማ!»

«እሺ፣ ደበሌ ቤት ያለውን አይጥ ቢበላው ኃላፊው ማነው?»

ሰልሚያ ልትመልስ አፏን ከፈተችና ቆመች። «እማ፣ እሱ ፈተናው ላይ ይመጣል!»

«ቤቱን መጠበቅ የኔ ነው» አሉ ጋሽ ደበሌ ደረታቸውን ነክተው። «የጆንያውን አፍ ያላሰረ ግን ራሱን ይጠይቅ።»

ሰርካለም ጆንያው ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሰልሚያ ይህ፣ አከራይና ተከራይ የየራሳቸውን የሚጠብቁበት፣ የኃላፊነት ክፍፍል የሚባል ትልቅ ምዕራፍ እንደሆነ ለማስረዳት ስትሞክር ማንም አልሰማትም፤ ሁሉም ስለ አይጡ ያወራ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ዘይባ ክፍሉን አጠበችው፤ ሰልሚያም አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር አስገባች። ሰርካለም ላፕቶፑን አሰናድታ፣ ኢንተርኔቱን ሞክራ፣ ጓደኛዋን ግንባሯ ላይ ስማት ወጣች። ዘይባ «ቢስሚላህ ብለሽ ጀምሪ» ብላ በሩን ከውጪ ሳበችው። ሰልሚያ ብቻዋን ቀረች።  ጫማዋን አወለቀች።

ፈታኙ በጽሑፍ ሰላም አላት፤ በእንግሊዝኛ ነው የሚጽፈው። ክፍሉን በካሜራ አሳዪኝ አላት፤ ጣሪያውን፣ ወለሉን፣ አራቱንም ግድግዳ አሳየችው። ጀምሪ አላት።

ጥያቄዎቹ እየመጡ ሄዱ። የእግሯ ጣቶች ሥራ ጀመሩ። አንዱን መለሰች፤ አውራ ጣቷ ቆመ። ሌላውን መለሰች። ከንፈሯ የሌላ ሰው እስኪመስላት ድረስ ዝም አለ። ከዚያ ያ ጥያቄ መጣ። ቃሉ የእንግሊዝኛ ቢሆንም ሐሳቡ ያው የጋሽ ደበሌ አይጥ ነበር። ሳቅ ከሆዷ ተነስቶ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። ወንበሩን ጨምድዳ ያዘች፤ ጣቶቿ ከሥር እንደ ዘፋኝ ተወራጩ። ሳቁን ዋጠችው፤ ሲመለስ ግን በአፍንጫዋ በኩል መጣ፤ አፍንጫዋም ግድግዳው ላይ የቀረውን የበርበሬ ብናኝ ሳበ።

ማስነጠሱ ከባድ ነበር። ሳታስበው በክንዷ ፊቷን ሸፈነች።

ስክሪኑ ላይ መልእክት ወጣ። እባክዎ ፊትዎን አይሸፍኑ።

ክንዷን አወረደች። ደግማ አስነጠሰች፤ በዚህኛው ፊቷን ሳትሸፍን፣ በቀጥታ ለፈታኙ። እንባዋ ወረደ።

ደህና ነዎት?

ሰልሚያ መናገር እንደማይፈቀድላት አስታውሳ መልሷን ጻፈች። ደህና ነኝ፤ በርበሬ ነው።

እባክዎ በርበሬውን ከክፍሉ ያስወጡ።

ሰልሚያ ዙሪያዋን አየች። ክፍሉ ባዶ ነው። በርበሬው የለም፤ ግን በየቦታው አለ። ላፕቶፑን አንስታ ግድግዳውን ደግማ አሳየችው። ከዚያ ጻፈች። ግድግዳው ውስጥ ነው ያለው። ማስወጣት አልችልም።

ረጅም ዝምታ ሆነ። ሰልሚያ ፈታኙን በዓይነ ሕሊናዋ አየችው። የት አገር እንዳለ አታውቅም፤ ደንቡን ከላይ እስከ ታች አገላብጦ ግድግዳ ውስጥ ስላለ በርበሬ የሚል አንቀጽ ሲፈልግ ታያት። እሷ ደግሞ ከንፈሯን ገጥማ እንባዋን እያፈሰሰች ትጠብቃለች። በመጨረሻ መልሱ መጣ።

ይቀጥሉ።

ቀጠለች። ጣቶቿ እስኪደክሙ ድረስ ቀጠለች። የመጨረሻውን ጥያቄ መልሳ፣ ወደኋላ ተመልሳ የተጠራጠረችባቸውን አይታ፣ ማብቂያውን ተጫነች። ኮምፒውተሩ ጥቂት አሰበ። ቀጥሎ «አልፈዋል» የሚል ቃል ወጣ። ሰልሚያ ቃሉን ደግማ አነበበችው፤ አውራ ጣቶቿ ሁለቱም ቀጥ ብለው ቆሙ።

በሩን ስትከፍት ያየችው ነገር ደግሞ ሌላ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ፀጥ ብሏል። ኢስሀቅ ባጃጁን በመንገዱ አፍ አጋድሞ አቁሞ ሾፌሮችን በእጁ ምልክት ይመልሳል። ጋሽ ደበሌ ካጠፉት ግራይንደራቸው አጠገብ ቆመው ከአንድ ደንበኛ ጋር በሹክሹክታ ይከራከራሉ። ዘይባ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ጉያዋ ውስጥ የጎረቤት አውራ ዶሮ በሻርፕ ተጠቅልሎ አንገቱን ደፍቷል። ሰርካለም በእግር ጣቷ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

ሁሉም ወደ ሰልሚያ ዞሩ። ዓይኗ እንደ ማረቆ በርበሬ ቀልቷል፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ነው። አፏን ልትከፍት ሞከረች፤ አልከፈት አላት። ይህን ሁሉ ሰዓት ያሰረችው ከንፈር አሁን ተፈታ ብትለው እንቢ አለ።

«ኸይር ነው ልጄ» አለች ዘይባ ቀስ ብላ። «ኢንሻአላህ ሌላ ጊዜ አለ።»

ጋሽ ደበሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። «አይዞሽ ሰሉዬ። አንቺኮ አንቺ ሆነሽ ዝም ማለትሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።»

ሰልሚያ ራሷን ነቀነቀች፤ እነሱም አብረዋት በሐዘን ነቀነቁ። በጣቷ ወደ ውስጥ አመለከተች። ሰርካለም ብቻ ገባትና በአጠገቧ ሮጣ አልፋ መጋዘኑ ውስጥ ገባች። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ጩኸት መጣ።

«አልፋለች! አልፋለች! ኧረ አልፋለች!»

ዘይባ ክንዷን ስታነሳ ዶሮው ከጉያዋ በረረ። ያጠራቀመውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኸ። ዘይባ እልል አለች፤ ከየአጥሩ እልልታ መለሰላት። ጋሽ ደበሌ ሌላ የሚመቱት ነገር አጥተው ግራይንደሩን አስነሱትና ባዶ ብረት ላይ የእሳት ብልጭታ ረጩ። ኢስሀቅ መጥቶ እህቱን ከመሬት አንስቶ አሽከረከራት፤ ያን ጊዜ ነው ከንፈሯ የተፈታው።

«አልሐምዱሊላህ! አውርደኝ! አታውርደኝ! አያችሁ አይደል? ‹በርበሬውን አስወጪ› አለኝ እኮ! እኔ ደግሞ ግድግዳው ውስጥ ነው አልኩት! እማ፣ ያ ያልሽው ጥያቄ ...»

ሰርካለም ዘላ አፏን ያዘቻት። «ጥያቄዎቹን መናገር ክልክል ነው! ፈርመሻል!»

ሰልሚያ ከጓደኛዋ እጅ በላይ በዓይኗ ብቻ ለመነቻት። «ስለ ጥያቄዎቹ እንጂ ስለ ሌላው ሁሉ ማውራት ትችያለሽ» አለቻት ሰርካለም፤ እጇንም አነሳች።

ዘይባ ሻርፗን አራግፋ ለበሰችና ሁሉንም ወደ ባጃጁ ነዳቻቸው። ሦስቱ ሴቶች ከኋላ ተጠጋግተው ገቡ፤ ኢስሀቅ መሪውን ያዘ። «ወዴት?» ሲል ዘይባ «ዝም ብለህ ንዳ» አለችው። ጡሩምባውን እየነፋ በገበያው በኩል አለፈ፣ መናኸሪያውን ዞረ፣ የሚያውቃቸው ሁሉ ከየሱቁ እጅ እያነሳ ሰላም አላቸው። ነፋሱ ሻርፖቹን ወደ ኋላ ይነፋል። ሰልሚያ የፈታኙን ዝምታ፣ የእግር ጣቶቿን፣ የደስታዋን ልክ ታወራለች፤ ሰርካለም ጓደኛዋን የሚቀጥረው መሥሪያ ቤት ምን ዓይነት ላፕቶፕ ይሰጣት ይሆን ብላ ትጠይቃለች፤ ዘይባ በየመሐሉ የልጇን ጉንጭ ትስማለች።

ኢስሀቅ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ «ሰሉ» አለ። «ይህን ነገር እኔም ብማረው ይገባኝ ነበር?»

 ሰልሚያ ወደ ፊት ተስባ አገጯን በወንድሟ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

«በደንብ ነው የሚገባህ። ስማ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ። ኮምፒውተር አለህ እንበል ...»

ከመጀመሪያው ጀመረች። ኢስሀቅ እየጠየቀ፣ እሷ እየመለሰች፣ ሰርካለም እያረመች፣ ማንም መንገዱን ልብ አላለውም። ቀና ሲሉ ከተማው ከኋላቸው ቀርቷል፤ ግራና ቀኙ ማሳ ነው፤ ከፊት ለፊት የእንሴኖ ቤቶች ይታያሉ።

«ኧረ እንሴኖ ደረስን!» አለች ዘይባ።

«ልመለስ?» አለ ኢስሀቅ።

«ምን ትመለሳለህ? ከመጣን አይቀር ሸንኮራ እንግዛ» አለች ዘይባ፤ ኢስሀቅም ገበያው ዳር ባጃጁን አቆመ።